«ተገኘ» ከማለታችሁ በፊት በማን ላይ እንደተገኘ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው ለስፖርቱ አይደለም፤ ለፖለቲካውም አይደለም። መጀመሪያ የምገልጠው የሳይንስ ዓምዱን ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ደንበኛ እንጂ እንደ ጠላት አይደለም። ቅሬታዬ ግን ከረር ያለ ነው፤ ቀድሜ ይቅርታ ልበላችሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ባጃጅ ነጂ ገጻችሁን አጣጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር እኛ ጋ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ። (ነርስ አይደለሁም፤ እኛ ጋ ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ናት።) ርዕሱ በትልቁ «ለስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ይላል። ስኳሩን ስለካው 300 አልፏል። ለካ ሜትፎርሚኑን፣ የስኳር ክኒኑን፣ ካቆመ ሰነባብቷል። ለምን ስለው፣ «ሆዴን ይረብሸኛል፣ ዋናው እስኪመጣ ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው» አለኝ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ያነበበውን አምኖ ነው።

እስቲ ዜናው ስለ ምን እንደነበር ላስታውሳችሁ። ቻይና ውስጥ፣ ቲያንጂን ከተማ፣ አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ነበረች። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። ተመራማሪዎች ከራሷ ሰውነት ሴል ወሰዱ፤ በኬሚካል ወደ ግንድ ሴልነት (ሌላ ዓይነት ሴል ሆኖ ሊያድግ ወደሚችል ሴል) መለሱት፤ ከዚያ ኢንሱሊን አመንጪ አድርገው አሳደጉትና ሆዷ ጡንቻ አካባቢ ተከሉላት። ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አቆመች፤ ከዓመት በላይም ያለ መርፌ ቆየች። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሴል» በተባለው መጽሔት ወጣ። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ ራሴ ሳነበው ደስ ብሎኛል፤ ትልቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ታካሚዋ አንድ ሰው ናት። ዓይነት 1 ናት፤ የኛ ባጃጅ ነጂ ደግሞ እንደ አብዛኛው የስኳር ታማሚ ዓይነት 2 ነው። ሌላም አለ። ልጅቷ ከዚያ በፊት ጉበት ተተክሎላት ስለነበር ሰውነቷ አዲስ የተተከለን ነገር እንዳይዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት ቀድሞውንም ትወስድ ነበር። ዓይነት 1 ማለት ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ታዲያ ያንን መድኃኒት በማይወስድ ሰው ላይ ሴሎቹ ይተርፋሉ ወይ? ያንን ከእሷ ማወቅ አይቻልም። በእናንተ ዜና ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ የለም። «ሕሙማን ከመርፌ ተገላገሉ» ብላችሁ አለፋችሁት።

በሽተኛ የማይነካው ዜና ላይም ያው ነው። በጁላይ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 የሚባል ነገር ሠራን አሉ። እርሳስ፣ መዳብና ፎስፌት ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት ያሳልፋል ተባለ። እውነት ቢሆን ኖሮ ዓለም ትለወጥ ነበር፤ የኤምአርአይ ማሽን ማግኔት በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዙ ይቀር ነበር። ፍርፋሪው ማግኔት ላይ ግማሽ ጎኑን አንስቶ ሲንሳፈፍ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። እናንተም ፎቶውን ጨምራችሁ ሰፊ ቦታ ሰጣችሁት።

ከዚያስ? በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎች ነገሩን ራሳቸው ሠርተው ለኩት። ወር ሳይሞላ ጉዱ ወጣ። በድንጋዩ ውስጥ የመዳብና የድኝ ውህድ ቆሻሻ ሆኖ ገብቷል፤ ይህ ውህድ 104 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባሕርዩን ስለሚቀይር ነው ሙቀቱ ከዚያ ሲወርድ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ድንገት የሚያሽቆለቁለው። ጀርመን ስቱትጋርት የሚገኝ የማክስ ፕላንክ ላብራቶሪ ደግሞ ያለ ቆሻሻው ንጹሑን ሠራው። የወጣላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ወይን ጠጅ ክሪስታል ነው። ኤሌክትሪክ እንኳን ያለ ብክነት ሊያሳልፍ፣ ጭራሽ የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። ለእኔ ከመጀመሪያው ዜና ይልቅ የሚጥመው ይሄኛው ነው። ሳይንስ ራሱን እንዴት እንደሚፈትሽ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ከየት ይመጣል? እናንተ ጋ ግን ሁለተኛው ዜና አልወጣም። እስካሁን ኤልኬ-99 ተሳክቷል ብሎ የሚያምን የፊዚክስ መምህር አውቃለሁ። የእናንተ አንባቢ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት በኩል ደግሞ «ኤአይ መድኃኒት መሥራት ጀመረ» የሚል ርዕስ ነበራችሁ። የሚያወራው ስለ አልፋፎልድ ነው፤ ለንደን ያለው የጉግል ዲፕማይንድ ሥራ። ፕሮግራሙ የአንድን ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ተቀብሎ እንዴት እንደሚታጠፍ ይተነብያል። ድሮ የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማወቅ ዓመታት የፈጀበት ተመራማሪ ብዙ ነው። በ2022 ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። በ2024 ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚህ ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። ክብሩ ይገባቸዋል። ሆኖም የቁልፍ ቀዳዳውን ቅርጽ አወቅህ ማለት ቁልፉ በእጅህ ገባ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ መፈጠር አለበት። ከዚያ በእንስሳ፣ ከዚያ በጥቂት ጤነኛ ሰዎች፣ ከዚያ በመቶዎች፣ ከዚያ በሺዎች ይሞከራል። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ 10 መድኃኒቶች 9ኙ ያህል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ይልቅ ልትጽፉት የሚገባው ነገር ነፃነቱ ነበር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ኔትወርክ እስካለው ድረስ ያንን መረጃ በስልኩ ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም፣ የሚከፍለው የለም። ይሄ አያስጽፍም?

አሞግሱ ብባል የማሞግሰውን ደግሞ አራት መስመር ሰጥታችሁ ውስጥ ገጽ ቀበራችሁት። ሌናካፓቪር ይባላል። በስድስት ወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት ነው። ደቡብ አፍሪካና ዩጋንዳ ውስጥ በወጣት ሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2024 ወጣ። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች ውስጥ ቫይረሱ የያዘው ሰው የለም። ዜሮ። በየቀኑ የሚዋጠውን የተለመደውን ክኒን እንዲወስዱ ከተሰጣቸው 1,068 ውስጥ ግን 16ቱ ተያዙ። እዩት እንግዲህ፤ በማን ላይ እንደተሞከረ ይታወቃል፣ ስንት እንደነበሩ ይታወቃል፣ ከምን ጋር እንደተወዳደረ ይታወቃል። እናንተ «ክትባት» አላችሁት እንጂ ክትባት አይደለም። መርፌው ጊዜው ካለፈ መከላከሉም ያልፋል። ይህንን ሳትነግሩት ሰው አንዴ ተወግቶ ቢቀር ማን ሊጠየቅ ነው?

ስለ ዋጋም አትጽፉም። ለሲክል ሴል (በዘር ለሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል በሽታ) የተፈቀደው ካስጌቪ የተባለው የጂን ሕክምና፣ በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ሲያጸድቁት፣ ለዓምዳችሁ «የደም በሽታ ታሪክ ሆነ» ሆኖ ቀረበ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው የተተመነለት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለዚያውም የታማሚው መቅኒ በከባድ ኬሞቴራፒ ከተጠረገ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ነው። አንዷን መስመር ለዚህ ብታውሏት ምን ነበረበት!

አሁን ወደ ዋናው ቁጭቴ ልምጣ። በአንድ ዜና ውስጥ ሕክምናውንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ማቴሪያሉንም፣ ኮምፒውተሩንም ማሳየት ከፈለጋችሁ ሴኡልም ለንደንም መሄድ አያስፈልጋችሁም። እኛ ጋ መስኮት ላይ የምትሰጠውን የወባ ኪት እዩ።

ነጭ ፕላስቲክ ካሴት ናት። ከጣት ጠብታ ደም፣ ባፈር (ደሙን በወረቀቱ ላይ የሚያስኬድ ፈሳሽ) ጨመር፣ ከዚያ 15 እስከ 20 ደቂቃ ትዕግሥት። ወባ ካለ ቀይ መስመር ትወጣለች። ያቺ ቅላት የወርቅ ናት። አዎ፣ ወርቅ። ወርቅ በናኖሜትር እስኪለካ ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱን ይተውና ቀይ ይሆናል። በየቅንጣቱ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተለጥፎበታል። የወባው ፓራሳይት ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። በወርቁ ላይ ያለው አንቲቦዲ ያንን ፕሮቲን አንቆ ይዞ በወረቀቱ ላይ ይሄዳል፤ መስመሩ ላይ የተቀባው ሌላ አንቲቦዲ ደግሞ ሁለቱንም ያስቀራቸዋል። ወርቁ ሲከማች ዓይን ያየዋል። መብራት አይፈልግ፣ ማሽን አይፈልግ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች።

ፓራሳይቱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2010 ከፔሩ አማዞን አንድ ዜና ወጣ፤ ኤችአርፒ2ን የሚሠራው ጂን ከነጭራሹ የሌላቸው የፋልሲፓረም (የአደገኛው የወባ ዓይነት) ፓራሳይቶች ተገኙ። ጂኑ ከሌለ ፕሮቲኑ የለም። ፕሮቲኑ ከሌለ ኪቱ ነጌቲቭ ይላል። ሰውዬው «ወባ የለብህም» ተብሎ ይሄዳል፤ አይታከምም፤ ትንኝ ነክሳው ወደ ሌላው ትወስዳለች። ጂኑ ያለው ፓራሳይት ግን ተገኝቶ በወባ መድኃኒቱ በኮአርተም ይገደላል። እንግዲህ አስቡት፤ በምርመራችን ራሳችን እየመረጥን የምናሳድገው የማይታየውን ነው።

ይሄ የፔሩ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። የኛው ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። ውጤቱ በ2021 ወጣ። በዚህ ጂን መጥፋት ብቻ ኪቱ ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚ ወደ 10 የሚጠጋውን ይስታል፤ ቁጥሩ 9.7 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ቀይሩ የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። አገራችንም በኤችአርፒ2 ብቻ የማይመካ ሌላ ኪት ወደ መጠቀም ገባች። በ2023 ደግሞ ከዚያው አካባቢ የተወሰዱ 609 ናሙናዎች ጂናቸው ሲነበብ 8 በመቶው ላይ የኮአርተም ዓይነት መድኃኒቶች መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የሚያያዝ ለውጥ ተገኘ። ይህንን ሁሉ ጂን ያለ ኮምፒውተር ማንበብና ማነጻጸር አይታሰብም። ኮምፒውተሩም ያለበት እዚሁ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ማይክሮስኮፕ ስላለ ተመስገን ነው። ኪቱ ነጌቲቭ ብሎት ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ልጅ ሲመጣ ቢኤፍ (ደሙን በማይክሮስኮፕ የማየት ምርመራ) እንሠራለን። ስላይዱን ጊምሳ በሚባለው ቀለም ቀብተን፣ ዘይት ጠብ አድርገን በ100 ሌንስ ስናየው «ሪንጎቹ»፣ ቀለበት የሚመስሉት ፓራሳይቶች፣ ቀይ ደም ሴሉ ውስጥ ቁጭ ብለው የምናገኝበት ጊዜ አለ። ጂኑ ጠፍቶ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ በኛ ማይክሮስኮፕ አይለይም። ያንን ለመለየት ነው ትልቁ ላብራቶሪ ያስፈለገው።

ትንኟስ? የወባ ትንኝ ክረምት ጠብቃ በኩሬና በረግረግ ትራባለች ብለን ነው ያደግነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን ከተሜ ናት። የእስያና የዓረብ ምድር ትንኝ ናት፤ በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ የውሃ ጉድጓድ ትፈለፈላለች። ድሬ ውስጥ ደግሞ ውሃ ስለማይታመን በርሜል የሌለው ግቢ የለም። በ2022 ዝናብ በሌለበት ወቅት እዚህ ወባ ሲነሣ ሁላችንም ግራ ገባን። የላብራቶሪው ወረፋ በጠዋት እስከ ውጭ በር ይደርስ ነበር። ያኔ ነው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎች መጥተው በየግቢው የገቡት። የታመሙ ሰዎችን ቤትና ያልታመሙ ሰዎችን ቤት አነጻጸሩ፤ ትንኝና እጭ ሰበሰቡ። በታመሙት ቤት ዙሪያ ስቴፈንሲ በብዛት ተገኘች፤ ከትንኞቹም ውስጥ ፓራሳይቱን የተሸከሙ ነበሩ። በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ደግሞ ያ መድኃኒትን የመቋቋም ምልክትና ያ የጂን መጥፋት፣ ሁለቱም ተገኙ። በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ ታተመ። የከተማችን ስም በዓለም ትልልቅ መጽሔቶች የወጣው በዚህ ነው፤ አገሬው ግን አያውቅም። በጋዜጣችሁ አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። በዚያው ሰሞን ግን ማርስ ላይ ስለነበረው ውሃ ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። እኛ የቸገረን በበርሜል ያለው ውሃ ነው!

ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማና ስለ እንዶድ በየጊዜው ትጽፋላችሁ። ይገባቸዋል፣ ጻፉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ምርምር በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ቆሞ የቀረ እየመሰለ ነው። ከ2024 ጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ አልፎ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት በአገራችን ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሰው የሚመለከት ምርምር በአዲስ አበባ እየተሠራ በአማርኛ የማናነበው ለምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ ስልክ ያነሳሉ። ሞክሯቸው። ከውጭ ድረ ገጽ ከመተርጎም አይከብድም፤ በአማርኛ ነው የሚያወሩት።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየሳይንስ ዜናው ግርጌ ትንሽ ቦታ ተዉ። በአይጥ ነው፣ በሰው ነው ወይስ በኮምፒውተር? ስንት ነበሩ? ሌላ ላብራቶሪ ደግሞ አይቶታል? ዋጋ ከተተመነለት ስንት ነው? የማይታወቅ ከሆነ «አይታወቅም» በሉ፤ ማንም አይታዘባችሁም። በትልቅ ፊደል ያወጣችሁት ነገር ሲከሽፍ ደግሞ በዚያው ፊደል ልክ መክሸፉን አውጡ። ዓምዱ ይደርቃል የሚል ስጋት ካላችሁ፣ የስቱትጋርቱን ወይን ጠጅ ክሪስታል ታሪክ ጻፉና አንባቢ ይሸሽ እንደሆነ እዩ። መድኃኒት ነክ የሆነውን ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አንብቦት ይለፍ። «የጀመሩትን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ቦታ አትፈጅም።

ስለ ወባ ስትጽፉ ሁሌ የምታወጡት ፎቶም አለ። እግሯ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችዋ። እሷ የወባ ትንኝ አይደለችም፤ ኤደስ ናት፣ የምታስተላልፈው ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ ነው። ድሬ ላይ ከ2013 ጀምሮ አሳምረን እናውቃታለን። የወባዋ አኖፌለስ ስታርፍ አፏን ወደ ቆዳው ደፍታ፣ ከኋላዋ ቀና ብላ ነው። እባካችሁ ፎቶውን ቀይሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ